የእህቴ ድንጋይ



እህቴ ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ ነው የምትማረው። ክረምቱን አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም አፓረንት ወጥታ ነበር። ጎረቤቶች "ድንጋይ ተምራ ምን ልትበላ ነው?" ሲሉ እማዬ ዝም ትላለች።

እኔ ግን ማታ ማታ እጠይቃታለሁ። ድንቅነሽ (ሉሲ) በ1967 ዓ.ም. አፋር፣ ሐዳር ተገኘች። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። "አጥንቷ ላይ ተጽፏል እንዴ?" ስላት ሳቀች። ለካ የሚለካው በአካባቢው ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው! አመዱ ውስጥ ያሉ ደቃቅ ክሪስታሎች አርጎን የሚባል ጋዝ ቀስ በቀስ ያጠራቅማሉ፤ እንደ ሰዓት ማለት ነው።

ይህን ለእማዬ ነገርኳት። አሁን ሰው ሲጠይቃት "ልጄ የድንቅነሽን ዕድሜ ያወቁበትን ትምህርት ነው የምትማረው" ትላለች።

ተማሪዎች፣ የወደዳችሁትን ትምህርት ሰው ስለናቀው አትተዉ!

ከ7ኛ ለ