ድርና ማግ

ሰው ቤት ሲሠራ አስቀድሞ የሚያስበው ቤቱ ከመንገድ ሲያዩት እንዴት እንደሚያምር ነው። ቤቱ ለምን እንደ ተሠራ በእርግጥ የሚያስታውቁት ግን ቈይተው በሩን የሚያንኳኩት እንግዶች ናቸው። ይህን የተማርነው በገዛ እጃችን ካቋቋምናት ከአንዲት ትንሽ ድረ ገጽ ነውና ታሪኳን ባጭሩ ለአንባቢ ማቅረብ ወደድን።

ገጺቱን የከፈትናት በ2002 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርታችንን ጨርሰን ሥራ በምንፈልግበት ጊዜ ነበር። ዓላማዋ አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም ስማችን ይታወቅ ዘንድ ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የኮምፒዩተር ፊደላት ሠንጠረዥ ገብቶ ስለ ነበር በአማርኛ መጻፍ ይቻል ነበር። እኛ ግን የተማርን ለመምሰል ሁሉን በእንግሊዝኛ ጻፍነው። በከረባት የተነሣነውን ፎቶግራፍ ከራስጌ፣ የጐብኚዎችን ብዛት የሚያሳየውን ቍጥር ከግርጌ አኖርን። ከጐብኚዎቹም የሚበዙት እኛው ራሳችን ነበርን።

ይህስ በሣቅ ይታለፋል። የማይታለፈው ስለ ትውልዳችን የጻፍነው አንድ መስመር ነው። አባታችን ከጋሞ ደጋ መጥተው ሽሮ ሜዳ የተቀመጡ ሸማኔ ነበሩ፤ እኛ ግን «የነጋዴ ልጅ» ብለን ጻፍን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድበውን ሰው በአዋጅ ገሥጸው ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ የሸማኔው ልጅ ማንም ሳይሰድበው ራሱን ሰደበ። አባታችን ማንበብ አይችሉም ነበርና አንድ ቀን ገጺቱን አይተው «ምን ይላል? እስቲ አንብብልኝ» አሉን። ያንን መስመር ዘለን አነበብንላቸው። እርሳቸውም መረቁን።

ሥራ ከያዝን በኋላ ገጺቱ ሁለተኛ ዓላማ አገኘች፤ አማርኛ መናገር ጀመረች፤ ሰውንም ልትመክር ተነሣች። ስለ ቅንነትና ስለ ሰዓት አክባሪነት ብዙ ጻፍንባት፤ ያችን አንዲት መስመር ግን አላነሣናትም።

አባታችን በ2009 ዓ.ም. ዐረፉ። ከዐርባቸው በኋላ የሸማ ዕቃቸውን ስንሰበስብ ከመወርወሪያውና ከቀሰሙ በቀር የብዙውን ስም እንደማናውቅ ተረዳን። ጥጡን እየፈተሉ ማጉን ያቀርቡላቸው የነበሩት እናታችን የየዕቃውን ስም በጋሞኛም በአማርኛም አንድ በአንድ ነገሩን፤ እኛም ጻፍን። «በቁመቱ የሚዘረጋው ክር ድር ነው፤ በመወርወሪያ እየተወረወረ በወርዱ የሚገባው ማግ ነው» ባሉን ጊዜ፣ ስንኰራበት የኖርነው «ድረ ገጽ» የሚለው ስም ከአባታችን ሙያ ቃል ጋር አንድ እንደ ሆነ ገባን። በዚያው ማታ የውሸቱን መስመር ፍቀን «የሸማኔ ልጅ» ብለን ጻፍን። የዕቃውንም ሥዕል ከነስሙ አወጣን። ከዚህ በኋላ አንድ ባሕር ማዶ የሚኖር የሸማኔ ልጅ፣ ለልጁ ሊነግረው ፈልጎ ያጣውን የዕቃ ስም ከኛ ዘንድ እንዳገኘ ጻፈልን፤ እኛ የረሳነውንም አንድ ስም ጨመረልን።

የእንዲህ ያለ ቤት ዕድሜ ግን አጭር ነው። ጂኦሲቲስ የሚባለው የግል ገጾች ማኅደር እ.ኤ.አ. በ1994 ተጀምሮ በ2009 ሲዘጋ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ገጾች ከቦታቸው ጠፍተዋል። የኛም ገጽ ኪራይ በየዓመቱ በውጭ አገር ገንዘብ የሚከፈል ስለ ሆነ፣ የምትከፍልልን በዱባይ በሰው ቤት የምትሠራ ታናሽ እኅታችን ናት። አምና ድካሟን አስበን «ይብቃ፤ ይዘጋ» ብንላት፣ «ጋሼ፣ እኔ አባባን የማየው እዚያ ነው፤ አይዘጋም» ስትል መለሰችልን።

ስለዚህ ገጺቱ ዛሬም ክፍት ናት። የጐብኚውን መቍጠሪያ አንሥተነዋል፤ የከረባቱም ፎቶግራፍ የለም። በልጅነታችን ድሩን የዘረጋነው ለራሳችን ክብር ነበር፤ ማጉን ያስገቡበት ግን እናታችን፣ እኅታችንና ያ የማናውቀው ሰው ናቸው። ድር ብቻውን እንደማይለበስ አባታችን ያውቁ ነበር፤ እኛ ግን ይህን ለመማር ብዙ ዓመት ፈጀብን።