ለሴቷ ኮይ ፋታ

«ተፈጥሮ ነው፣ ተዋቸው።» ግንቦት በገባ ቁጥር ኮይ ከሚያረቡ ወዳጆቼ የምሰማው ይህንኑ ነው። እኔ አልስማማም። ለምን እንደማልስማማ ዛሬ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ዓሣ የማይመለከታችሁ ታገሡኝ።

ለማታውቁት፣ ኮይ በጃፓን የኒጋታ ተራሮች ያሉ ገበሬዎች ለምግብ ከሚያረቡት ካርፕ መካከል ቀለም ያለውን እየመረጡ በትውልድ ብዛት ያወጡት ዓሣ ነው። ዝዋይና ቆቃ ላይ መረብ የሚገባው ካርፕም የቅርብ ዘመዱ ነው። እዚህ ሜሪላንድ ቤቴ የሚመጣ ያገሬ ሰው ኩሬውን አይቶ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ይጠበሳል?» ብሎ ነው። ይጠበሳል፤ እኔ ግን አልጠብስም።

የውሃው ሙቀት 18 ዲግሪ አልፎ ወደ 20 ሲጠጋ፣ ብዙ ጊዜ ጎህ ሲቀድ፣ ወንዶቹ ሆዷ የሞላውን ሴት ማሳደድ ይጀምራሉ። በዚህ ወቅት የወንዶቹ ጉንጭና የደረት ክንፍ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ይወጣል፤ ሲዳስሱት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። በዚያ ጎኗን ይፈትጓታል፣ ሆዷን ይጎሽማሉ፣ እንቁላሉን እስክትጥል ወደ ዳር ይገፏታል። እሷ ስትጥል እነሱ የዘር ፈሳሻቸውን ይለቃሉ። ሴቷ በአንድ ኪሎ ክብደቷ እስከ 100 ሺህ የሚጠጋ እንቁላል ልትሸከም ስለምትችል ነገሩ በአንድ ጊዜ አያልቅም፤ ወከባው ለሰዓታት ይቀጥላል። አንዱ ወንድ ሲደክመው ሌላው ይተካዋል። እሷን ግን የሚተካት የለም።

እስከዚህ ድረስ እውነትም ተፈጥሮ ነው። ካርፕ በሐይቅና በወንዝ ሲራባ የሚጥለው ግን ውሃ በሸፈነው ሣር ውስጥ ነው። ሴቷ የምትገፋው ወደ ለስላሳ ነገር ነው፤ ሲበቃት ደግሞ የምትሸሽበት ሰፊ ውሃ አላት። የእኛ ኩሬ ዙሪያው ድንጋይና ሲሚንቶ ነው። በተገፋች ቁጥር ከግድግዳ ጋር ትላተማለች፤ ቅርፊቷ ይረግፋል፣ ክንፏ ይቀደዳል። መውጫ ያጣች ሴት ከኩሬው ዘልላ ሣር ላይ ሞታ የምትገኝበት ጊዜም አለ። ግድግዳውን የሠራነው እኛ ነን። ስንት ወንድ ከስንት ሴት ጋር እንደሚኖርም የወሰንነው እኛው ነን። ታዲያ የትኛው ተፈጥሮ ነው ዝም በሉ የሚለን?

ኒጋታ ውስጥ ኮይ አርብተው የሚተዳደሩት ሰዎች ዓሦቹን እንዲሁ ሲተዉ አታዩም። አንዲት ሴት መርጠው ከሁለት ወይም ከሦስት ወንድ ጋር ያገናኟታል፤ እንቁላሉ የሚጣበቅበት ለስላሳ ጭረት ይዘረጉላታል፤ ጥላ ስትጨርስ ያነሷታል። የሚያስቡት ለገንዘባቸው ይሆናል፣ ይሁን። ለውበት እናረባለን ከምንለው ይልቅ ለገበያ የሚያረባው እናቲቱን በደንብ መያዙ ግን ትንሽ ሊያሳፍረን ይገባል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እሷን ብቻ አይቶ ውሃውን ሲረሳ ነው። እንቁላሉ ከተጣለ በኋላ ኩሬው አረፋ ያወጣል፣ ይደፈርሳል፣ ይሸታል። የዘር ፈሳሹና ያልዳበረው እንቁላል ሲበሰብስ አሞኒያ ይጨምራል፣ ኦክስጅን ያንሳል። ጎህ ሲቀድ ደግሞ በኩሬ ውስጥ ኦክስጅን ዝቅ የሚልበት ሰዓት ነው። ጎኗ የተላጠ፣ ጉልበቷ ያለቀ ዓሣ በእንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ቁስሉ ባክቴሪያ ይገባበታል። ስለዚህ ብዙዎቹ በዚያው ቀን ሳይሆን ከቀናት በኋላ ነው የሚሞቱት፤ ባለቤቱም በሽታ መጣብኝ ይላል። የአየር ፓምፑን ሳታጠፉ፣ ክሎሪኑ በወጣለት ንጹሕ ውሃ ከኩሬው አንድ አምስተኛ ያህሉን ለውጡ፤ አሞኒያውን እየለካችሁ በማግስቱም ድገሙት። ምግብ ለአንድ ሁለት ቀን ይቅር፤ ራሳቸው እንቁላሉን ሲበሉት ይውላሉ።

ወከባውን ለማስቆም ሴቷን እናውጣት ወይስ ወንዶቹን? ወከባው ገና ሲጀምር ከሆነ እኔ የምመርጠው በጣም የሚያስቸግሩትን ወንዶች ማውጣት ነው፤ በመረብ መባረርን የሚችል ጉልበት ያላቸው እነሱ ናቸው። በጎኗ መተኛት ከጀመረች፣ ላይ ወጥታ አየር ከጎረሰች፣ ወይም ደም ካያችሁ ግን ክርክሩ አብቅቷል፤ እሷን አውጡ። «እንቁላሏን ሳትጨርስ?» የሚለኝ አይጠፋም። የቀረውን ብዙውን ጊዜ ሰውነቷ መልሶ ይመጠዋል። የተሰነጠቀ ጎን ግን በቀላሉ አይመለስም።

ትልቅ ዓሣ በመረብ ከውሃ አይነሣም፤ በክብደቷ ትጎዳለች። መረቡ ወደ ሰፊ ሳፋ መምሪያ ብቻ ይሁን፣ ከነውሃዋ አንሷት። የምታርፍበት ገንዳ ከራሱ ከኩሬው በተቀዳ ውሃ ይሞላ፣ አየር ይግባበት፣ ከላይ ይሸፈን፤ የደነገጠች ኮይ ትዘላለችና። ምንም ነገር ያልተጨመረበት ጨው በ1,000 ሊትር 3 ኪሎ ያህል ቀስ በቀስ አሟሙታችሁ ብትጨምሩ ጥሩ እፎይታ ይሰጣታል። ማጣሪያችሁ ውስጥ ዚዮላይት ካለ ግን ኩሬው ውስጥ ጨው አትጨምሩ፤ የያዘውን አሞኒያ መልሶ ይለቀዋል። ወንዶቹ እስኪረጋጉም አትመልሷት።

ግንቦት ላይ ሳፋና መሸፈኛ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ መሮጥ አያዋጣም። ቴርሞሜትራችሁ 17 ካሳየ ገንዳውን ዛሬ ማታ አዘጋጁ፤ ኩሬያችሁ ውስጥ ወንዶቹ ከሴቶቹ በእጥፍ የሚበልጡ ከሆነም ጥቂቶቹን ለሚያረባ ሰው ስጡ።