ሞተርም ማደሪያ ይሻል

ሰው ቀን የተገለገለበትን ነገር ማታ እንዴት አድርጎ እንደሚያሳድር ቢታይ፥ ጠባዩ ይታወቃል። የአገራችን መንገደኛ ይህን ከበቅሎው ተምሮታል፤ ከቤቱ ሲደርስ ራሱ ከመቀመጡ በፊት ኮርቻዋን ያወርዳል፥ ላቧን ይጠርግላታል፥ ገብሷን ይሰፍርላታል። እኛ ግን ይህን የአባቶች ትምህርት በሞተር ላይ ረስተን አንድ ጊዜ አፍረናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአምቦ ተነሥተን ወደ ወሊሶ የሚያወጣውን የተራራ መንገድ ይዘን ወንጪ ደረስን። ሐይቁ ጥንት እሳተ ገሞራ በከፈተው ጎድጓዳ ውስጥ፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,900 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል፤ በደሴቱም የቂርቆስ ገዳም አለ። የተዋስናት አነስተኛ ጀልባ ከኋላዋ በሁለት ብሎን የሚታሰር ሞተር ነበራት። ይህን ዓይነቱን ሞተር ለሕዝብ አገልግሎት ያበቃው፥ በ1909 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ የኖርዌይ ተወላጁ አሜሪካዊ ኦሌ ኤቪንሩድ ነው። በወንጪ ከፍታ አየሩ የሳሳ ስለ ሆነ ሞተር ከኃይሉ ከሩብ በላይ ያጣል፤ ስለዚህ ጥንቃቄው ከሌላው ቦታ ይልቅ ይበረታል።

ማታ ብርዱ ሲጠና ሞተሩን ፈታነው፤ ከድካምም የተነሣ ራሱን አዘቅዝቀን እግሩን አንሥተን በጀልባዋ ወለል ላይ አጋደምነውና ሄደን ተኛን።

ሲነጋ አንዲት እናት ትኩሳት የያዘው ልጅዋን አዝላ፥ ወደ ጤና ጣቢያ ለመሄድ «አሻግሩኝ» ብላ መጣች። ገመዱን ብንስብ፥ ደጋግመን ብንስብ ሞተሩ እንቢ አለ። ካንዴላውን ብንፈታው ከውስጡ ውሃ ፈሰሰ። እናትየው አንዳች ሳትናገር እኛንና ልጅዋን ታይ ነበር። በመጨረሻ መቅዘፊያ አንሥተን እጃችን እስኪላጥ ቀዘፍን። ልጁ በጊዜ ደርሶ ዳነ፤ የእናቱ ዝምታ ግን ከኅሊናችን አልወጣም።

ስንመለስ አንድ አዛውንት ጀልበኛ ሞተሩን አይተው በኦሮምኛ «ልጆቼ፥ በቅሎን በራሷ ዘቅዝቃችሁ ታሳድራላችሁን?» አሉን። ነገሩንም አስረዱን። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚስበው ውሃ ነው፤ ከሥራ በኋላ ጥቂቱ በእግሩ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ አስቀድሞ ቀጥ አድርጎ አቁሞ ማንጠፍጠፍ ይገባል። ያለዚያ ራሱ ዝቅ ሲል ውሃው በጭስ መውጫው ተመልሶ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል።

ከዚያ ወዲህ ሥርዓት አበጀን። ብሎኑን ከመፍታታችን በፊት ሞተሩን በገመድ ከጀልባዋ ጋር እናስራለን፤ ከእጅ ቢያመልጥ ጥልቁ ሐይቅ አይመልሰውምና። የቤንዚኑን መስመር ዘግተን በካርቡራቶሩ የቀረው እስኪያልቅ እናስነሣዋለን። ውሃው ከተንጠፈጠፈ በኋላ በእንጨት መስቀያ ላይ ቀጥ አድርገን እንሰቅለዋለን፤ ከጤዛም በሸራ እንከልለዋለን፥ ነገር ግን ነፋስ እንዳያጣ እንጠነቀቃለን። ሰው በሚተኛበትና እሳት በሚነድበት ቤት ከቶ አናሳድረውም፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በወለል ላይ ተኝቶ ፍም ይጠብቃልና።

ይህ ሁሉ ከሩብ ሰዓት አያልፍም። እኛ ግን ያን ሩብ ሰዓት ማታ ነፍገን፥ ጧት ከአንዲት እናት ጭንቀት ላይ ወሰድነው። የመሥሪያ ቤት መዝገብም ቢሆን፥ የተማሪ ደብተርም ቢሆን፥ ማታ በሥርዓት ያላሳደሩት ዕቃ ጧት የሚያስከፍለው ባለቤቱን ብቻ አይደለም፤ በደጅ ቆሞ የሚጠብቀውንም ጭምር ነው።