ከአስፋልቱ ሥር ያለ ዳና

ዛሬ ከኮልፌ ቀራንዮ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ተሳፋሪ ከአስፋልቱ በፊት ስንት ዳና እንዳለፈ ላያስብ ይችላል። ጥንታዊውን የአገራችንን መንገድ የጠረጉት የሲራራ ነጋዴ እግርና የጭነት ከብት ኮቴ ናቸው። ከወለጋና ከጅማ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ሲመጣ፣ አሞሌ ጨው በአንጻሩ ይሄድ ነበር፤ ለባርነት የተፈነገለ ሰውም በዚያው ተነድቷል።

በ1890ዎቹ ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም የጋሪ መንገድ አሠሩ። አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው የእንፋሎት መዳመጫም «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ በሕዝብ አፍ ገባ። የባቡሩ ስም እስከ ዛሬ ይነሣል፤ ድንጋይ ፈልጦ፣ አፈር ተሸክሞ መንገዱን ያቀናው ሰፊ ሕዝብ ግን ስሙ አይነሣም። ስለ መንገድ የሚጽፍ ደራሲም ሆነ የሚያስተምር መምህር ከባቡሩ አስቀድሞ ይህን ባለውለታ ሊያወሳ ይገባዋል።