ከአንቀልባ ወደ መኪና

ወደ አዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው መኪና ውሻ ይዞ ነው የገባው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ሲድሊ የሚባለውን መኪናውን ከጅቡቲ አስነሥቶ፣ በረሃውንና አቀበቱን አልፎ ለዳግማዊ ምኒልክ ሲያደርስ ውሻውም የጉዞው ተካፋይ ነበር። ከዚያም በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሉሉ የተባለው ትንሽ ውሻ ከንጉሠ ነገሥቱ አጠገብ የማይጠፋ እንደ ነበር የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ አንዱ የፈረንጅ፣ አንዱ የቤተ መንግሥት ውሻ ነው። የእኛ የጉለሌ ውሻ ደጅ ጠባቂ ነው። ሌሊት ጅብ ከእንጦጦ ሲወርድ አጥር ለአጥር እየሮጠ ይጮኻል፤ ቀን ከበር ሥር ተጋድሞ ፀሐይ ይሞቃል። መኪናን የሚያውቀውም ከኋላው እየተከተለ ሲጮኽበት ብቻ ነው።

እኔም ሁለት ውሾችና አንዲት ሕፃን በአንድ መኪና ይዤ ከጉለሌ ወደ ፍቼ የተጓዝሁት የፈረንጅ ልማድ አምሮኝ አይደለም። ባለቤቴ ራሷ ክርስትና በተነሣችበት ደብር ልጄን አስነሣለሁ ብላ ስለት ነበረባትና፣ ሕፃኗ ሰማንያ ቀን ሳይሞላት ፍቼ መድረስ ነበረብን። አራሷን ለመጠየቅ መጥተው ሁለት ወር ተኩል አብረውን የሰነበቱት አማቴ ደግሞ፣ ለበጎቻቸው ጠባቂ የሚሆን ከመቻል ግልገሎች አንዱን እንድሰጣቸው ጠይቀውኝ ነበር። መቻል እናትዮዋ ናት፤ ቡቺ ልጅዋ። ግቢው ውስጥ የሚቀር ሰው ስላልነበረ እናትዮዋንም ትቶ መሄድ አልተቻለም። እንግዲህ ጓዛችን ይህ ነበር።

ክርክሩ የተነሣው በውሾቹ ሳይሆን በሕፃኗ ነው። አንድ ወዳጄ ለልጁ የገዛውን፣ ልጁ ያደገበትን የሕፃናት የመኪና መቀመጫ አውሶኝ ስለ ነበር፣ ከኋላ ወንበር ላይ፣ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሬ በቀበቶ አሰርሁት። አማቴ ዙሪያውን ካዩት በኋላ፣

«ልጄ፣ ይህ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«የልጅቱ መቀመጫ ነው እማማ።»

«እኔ እያለሁ? ሰባት ወልጄ አንዱንም ከእጄ አልጣልሁም። ደግሞስ ሕፃን ልጅ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ ትሄዳለች?»

ለዚህ ንግግር የሚሰጠው መልስ ቀላል አይደለም። በአገራችን የሴት አያት እቅፍ ከቤት ሁሉ የጸና ቤት ነው፤ «እቅፍዎ አያስተማምንም» ብሎ መናገርም ነውር ነው። ነገሩ ግን የእጅ ጉልበት ወይም የፍቅር ማነስ አይደለም፤ የፍጥነት ጉዳይ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭቶ በድንገት ሲቆም፣ በውስጡ ያልታሰረ አካል የሚደርስበት ከ10 ሜትር ከፍታ ማለትም ከሦስተኛ ፎቅ ወድቆ ከመከስከስ ጋር እኩል ነው። በዚያች ቅጽበት የአካሉ ክብደት 30 እጥፍ ያህል ሆኖ ይጎተታል። አምስት ኪሎ የምትመዝነው ልጃችን አንድ ኩንታል ተኩል ትሆናለች ማለት ነው። አንድ ኩንታል ተኩል በድንገት ሲወረወር በክንዱ የሚይዝ ሰው በመርካቶ ተሸካሚዎች መካከል እንኳ አይገኝም። ከዚህም የከፋ አለ፤ ያቀፈው ሰው ራሱ ካልታሰረ በሙሉ ክብደቱ ሕፃኑን ከፊት ወንበር ጋር ያጣብቀዋል።

ፊትን ወደ ኋላ ማዞሩም ያለ ምክንያት አይደለም። የሕፃን ራስ ከቁመቱ ሩብ ያህል ነው፤ አንገቱም ገና አልጠነከረም። ፊቱ ወደ ፊት ሆኖ መኪናው ቢጋጭ አካሉ በቀበቶ ሲያዝ ራሱ ብቻውን ይወረወራል። ጀርባውን ከሰጠ ግን ኀይሉ በጀርባውና በራሱ ላይ እኩል ተከፋፍሎ መቀመጫው ይቀበለዋል። ይህን አሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ በመቀመጫ መልክ የሠራው በርቲል አልድማን የተባለ ስዊድናዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ባቀረበው ሙከራ ምሳሌ ያደረገው ወደ ጠፈር የሚላኩት ሰዎች በመንኰራኩራቸው ውስጥ በጀርባቸው ተንጋለው የሚቀመጡበትን ወንበር ነበር።

ይህንን ሁሉ ለአማቴ ብነግራቸው የሚሰሙኝ አልመሰለኝም። ስለዚህ ስለ አንቀልባ ጠየቅኋቸው። ከሽሮ ሜዳ በላይ ባለው ቁልቁለት እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ያየ ሰው፣ ልጅ ያላት እናት ልጅዋን በእጇ ይዛ እንደማትወርድ ያውቃል። በገጠርም ውሃ የምትቀዳው፣ ገበያ የምትወጣው ልጅዋን በአንቀልባ አዝላ፣ ጠፍሩን በትከሻዋና በወገቧ አጥብቃ ነው። ይህ የሆነው እናቲቱ እጇን ለሥራ ስለምትፈልገው ብቻ ነውን? አይመስለኝም። ድንጋይ ቢያደናቅፋት ለመውደቅ የሚቀድመው እጅ ነውና፣ ልጅን ለእጅ ሳይሆን ለጠፍር መስጠት እንደሚገባ የዚህ አገር እናቶች ከስዊድኑ ሊቅ በፊት አውቀውት ነበር። በእግር መንገድ ላይ ለእቅፍ ያልሰጠነውን ልጅ ነው እንግዲህ፣ መኪና ውስጥ ስንገባ ከጀርባችን አውርደን በእቅፍ የምንይዘው። ለስላሳው ወንበር የቆምን ያስመስለናል፤ መንገዱ ግን ከእግራችን ሥር እየሮጠ ነው።

አማቴ ዝም ብለው ቆዩና «እሺ፤ እኔ ግን ከአጠገቧ እቀመጣለሁ» አሉ። ከአጠገቧ መቀመጥ ደግሞ የሚገባ ነው። ባለቤቴ ከፊት ሆነች፤ አማቴ ከኋላ፣ ቀበቶአቸውን አስረው፣ የሕፃኗን ፊት እያዩ። አንድ ነገር ብቻ አከራከረን፤ ይኸውም ጋቢው። ሕፃኗን አስቀድሞ በጋቢ ጠቅልሎ ከዚያ በላይ ማሰር ማሰሪያውን የላላ ያደርገዋል። ስለሆነም አስቀድመን በስስ ልብስ ጥብቅ አድርገን ካሰርን በኋላ ጋቢውን ከላይ አለበስናት።

ስለ ውሾቹ የነበረኝ አሳብ ከዚህ ይለያል። ጉለሌ ውስጥ ያደገ ሰው ውሻና ሕፃን ሲጠሩ በቅድሚያ የሚታሰበው ፓስተር ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በሚገኝበት ቦታ ከነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። በልጅነታችን ውሻ የነከሰው ልጅ ወደዚያ እየተወሰደ በየቀኑ ሆዱ ላይ መርፌ ሲወጋ እንሰማ ነበርና፣ ከውሻው ይልቅ መርፌውን እንፈራ ነበር። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 በመጀመሪያ የከተበው ሰውም የ9 ዓመት ልጅ፣ ጆሴፍ ማይስተር ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ከምልክቱ በፊት ግን ቁስሉን ወዲያው ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ ማጠብና ሳይዘገዩ መከተብ ያድናል። ስለዚህ መቻልን እንደ ወትሮው በየዓመቱ፣ ቡቺን ደግሞ ሦስት ወር ሲሞላው አስከትቤአቸው ነበር። የመጀመሪያው ክትባት ጽኑ የሚሆነው ከአንድ ወር ያህል በኋላ ነውና፣ በመንገድ ዋዜማ የሚደረግ ክትባት ለዚያ መንገድ አይደርስም።

የተከተበ ውሻም ቢሆን 20 ኪሎ ነው። ቅድም ባልነው ስሌት በግጭት ጊዜ ስድስት ኩንታል ሆኖ ከኋላ ይመጣል። ያዋሱኝ መኪና ከኋላው ሰፊ የዕቃ ቦታ ያለው ስለ ነበር፣ አዲሱ ገበያ ያለ አንድ በያጅ ከመኪናው አካል ጋር በብሎን የሚያያዝ የብረት መረብ ሠራልኝ። «ጌታዬ፣ በግ ሊነግዱ ነው?» አለኝ። ውሾቹን ከመረቡ ኋላ አድርጌ፣ በአንገታቸው ሳይሆን ደረታቸውን በሚያቅፍ ሰፊ ጠፍር አሰርኋቸው፤ በአንገት የታሰረ ውሻ በድንገተኛ ፍሬን ይታነቃልና። እንዳያስመልሳቸውም ከሌሊት ጀምሮ አላበላናቸውም።

ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ የሚወጣው መንገድ እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሲወርድ፣ ጠዋት ጉም ይበዛበታል። አህያ፣ በግ፣ ጋሪ በድንገት ከጉም ውስጥ ይወጣል። ሁለት ጊዜ ፍሬን ያዝሁ። በሁለተኛው ጊዜ መቻል በመረቡ ላይ ስትወድቅ ብረቱ ሲጮኽ ሰማሁ። አማቴ «በስመ አብ!» ብለው እጃቸውን ወደ ሕፃኗ ዘረጉ። ሕፃኗ ግን ዓይኗን ገልጣ አያቷን አየችና መልሳ ጨፈነች።

ጫንጮ ላይ ቆምን። ሕፃንን በዚያ መቀመጫ ላይ ለብዙ ሰዓት ማቆየት አይገባምና፣ እናቷ አውጥታ አጠባቻት። ውሾቹን ያወረድሁት ሕፃኗ ራቅ ካለች በኋላ ነው፤ የኋላውን በር ከመክፈቴም በፊት ማሰሪያቸውን ጨብጬ ነበር። መቻልን ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ይሁን እንጂ ሕፃንና ውሻ ብቻቸውን የሚተዉበት አንድ ደቂቃ እንኳ መኖር የለበትም። ፀሐዩም እየበረታ ስለ ነበር ወተት ለመጠጣት ስንገባ መኪናው ውስጥ ማንንም አልተውንም፤ በተዘጋ መስተዋት ውስጥ የደጋ ፀሐይም ይገድላል።

ፍቼ ስንደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ሕፃኗን ለማየት ተሰበሰበ። አማቴ ግን አስቀድመው መቀመጫውን አሳዩ፤ ጠፍሩን ሲፈቱና ሲያስሩ፣ ለአንዲት እርጉዝ ሴት የት እንደሚገኝ ሲያስረዱ ሰማኋቸው። ዋጋውን ስትጠይቃቸው ወደ እኔ ዞሩ። ነገርኋት። ዝም አለች፤ እኔም ከዚያ በላይ የምለው አልነበረኝም።

ክርስትናው በደኅና ተፈጸመ። በሦስተኛው ቀን ስንመለስ አማቴ ከቡቺ ጋር ቀሩ። ከሕፃኗ አጠገብ የተቀመጠችው እናቷ ነበረች። መቻል ልጅዋን እየፈለገች እስከ ሙከ ጡሪ ድረስ መረቡን ስትቧጭር ቆየች።