ሳጥኑን እንግዛው ወይስ ዲሹን እናዙረው?

ዕቁብ ደረሰን። ዕቁብ ሲደርስ አራዳ ልብስ ይገዛል፣ ብልኅ ዕዳውን ይከፍላል፤ እኛ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ የእጅ መዳፍ በምታህል ጥቁር ሳጥን ስንከራከር ከረምን።

እኛ ማለት ሁለት እህትማማቾች ነን። አንዷ ጋዜጠኝነት፣ ሌላዋ አካውንቲንግ ተምራለች፤ ማለትም አንዷ ታወራለች፣ አንዷ ትደምራለች። የምንኖረው ቂርቆስ ነው፣ ሳሎንም መኝታም ማዕድ ቤትም በሆነች አንዲት የኪራይ ክፍል። ቴሌቪዥን አለን። "ስማርት" ተብሎ ነው የተሸጠልን፤ ስማርትነቱን ግን እስካሁን በዓይናችን አላየንም። ዩቲዩብ ክፈት ስትሉት ሻይ አፍልታችሁ፣ ጠጥታችሁ፣ ብርጭቆውን አጥባችሁ እስክትመለሱ ያስባል። እናላችሁ "ቦክስ ይገዛለት" ተባለ። ቦክስ ከተገዛ ደግሞ ደህናው ይገዛ ተባለ። ደህናው ማለት አፕል ቲቪ 4ኬ ነው። ስሙ ቴሌቪዥን ይምሰል እንጂ ቴሌቪዥን ላይ ተሰክቶ ኔትፍሊክሱንም ዩቲዩቡንም ከኢንተርኔት እየሳበ የሚያሳይ ዕቃ ነው።

እውነቱን እንናገር ካልን ልባችንን የወሰደው ሳጥኑ አይደለም፤ ሪሞቱ ነው። አንድ ሱቅ ውስጥ ይዘን ሞክረነዋል። ቀጭን አሉሚኒየም ነው፣ ቁልፎቹ በጣት ይቆጠራሉ። ከላይ ክብ መዳሰሻ አለው፤ ጣታችሁን በዙሪያው ስታሽከረክሩ ፊልሙ ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳል። ባትሪ አይገዛለትም፣ እንደ ስልክ ቻርጅ ይደረጋል። ሳጥኑን በብሉቱዝ ስለሚያዘው እንደ ሽጉጥ መደገን የለም፤ ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልላችሁ ማዘዝ ትችላላችሁ።

ይኼን ነገር ከምናውቀው ሪሞት ጋር አስተያዩት። እኛ ያደግንበት ሪሞት ከተገዛበት ቀን ጀምሮ በላስቲክ ተጠቅልሎ የኖረ፣ የባትሪ ክዳኑ ጠፍቶ በፕላስተር የታሰረ፣ አርባ ምናምን ቁልፍ ኖሮት ሠላሳውን ማንም ነክቶት የማያውቅ ነበር። ባትሪው ሲደክም ይነከሳል፤ አልሆን ሲል ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ያም አልሆን ሲል መዳፍ ላይ ሁለቴ ይመታል። ደግሞም ሪሞቱ የኛ አልነበረም። ማታ ዜና ሲሆን የአባባ ነው፣ ኳስ ሲኖር የወንድማችን ነው፣ እንግዳ ሲመጣ የእንግዳው ነው። የሴት ልጅ እጅ ላይ የሚገባው ሊጠፋ ሲል "እስቲ ፈልጊ" ተብሎ ነው። ሃያ ምናምን ዓመት ሞልቶን የራሳችንን በር ቆልፈን ስንኖር መጀመሪያ ያማረን ነገር ሪሞት መሆኑ ቢያስቃችሁም አይገርመንም።

አንድ ቅር ያለን ነገር ቢኖር ጎኑ ላይ ያለው የድምፅ ቁልፍ ነው። እሱን ተጭናችሁ ሲሪን የምትፈልጉትን ትነግሯታላችሁ፤ አማርኛ ግን አትሰማም። ሪሞቱ ከጠፋ ለብቻው 59 ዶላር ነው። አይፎን ያለው ሰው በስልኩ ሊፈልገው ይችላል፣ እኛ አይፎን የለንም።

እዚህ ላይ አካውንታንቷ ወረቀት አወጣች።

ይህ ሞዴል በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሲወጣ ትንሹ 129 ዶላር ነበር። የኢንተርኔት ገመድ መሰኪያ ያለው ትልቁ 149 ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብራችን በገበያ ይተመን ከመባሉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር፣ ትንሹ ሳጥን 7,350 ብር አካባቢ ይሆን ነበር። አሁን ዶላሩን በ150 ብር ብናሰላው 19,350 ብር ይሆናል። ይኼ ቀረጡ፣ ማጓጓዣውና የነጋዴው ትርፍ ሳይገባ ነው። በመስከረም 2018 ዓ.ም. በተደረገው ማሻሻያ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል። ስለዚህ ዲግሪ የያዘ ጀማሪ ሳይበላ፣ ሳይጠጣ፣ ታክሲ ሳይሳፈር፣ ግብር እንኳ ሳይቆረጥበት ከአንድ ወር ተኩል በላይ ይሠራለታል ማለት ነው። የኤችዲኤምአይ ገመዱ ደግሞ ካርቶኑ ውስጥ የለም። አዎ፣ የለም! በዚያ ዋጋ።

"እሺ፣ አንዴ ተከፍሎ ያልቃል" አልን። አያልቅም። የአፕል የአፕ መደብር አካውንት ሲከፈት ከሚመረጡት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ስለዚህ አይፎን የያዘው የሰፈራችን ሰው ሁሉ፣ ዲቪ ሳይደርሰው፣ በወረቀት ላይ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ይኖራል። እኛም ሜሪላንድ መግባት ሊኖርብን ነው። ኔትፍሊክስ በበኩሉ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ከ130 በላይ አገሮችን በአንድ ቀን ሲከፍት እኛንም ጨምሮናል፤ ወርኃዊ ክፍያው ግን የውጭ ገንዘብ ነው። የሚከፍልልን አሜሪካ ያለች የአክስታችን ካርድ ነው። አክስታችን ለፋሲካ በግ የምትልክ ሰው ናት። ወር በመጣ ቁጥር "እትዬ፣ ለድራማ ክፈይልን" ብሎ መደወል እንደምንም ይቻላል፤ ግን ደስ አይልም።

ከዚያ መስመሩ አለ። ኔትፍሊክስ ራሱ ለሙሉ ኤችዲ ምስል በሰከንድ 5 ሜጋቢት፣ ለ4ኬ 15 ሜጋቢት ያስፈልጋል ይላል። አንድ ሰዓት ኤችዲ እስከ 3 ጊጋባይት፣ አንድ ሰዓት 4ኬ እስከ 7 ጊጋባይት ይበላል። የኛ ቤት መስመር ማለዳ ላይ ጎበዝ ነው፤ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሲከፍት ትንፋሽ ያጥረዋል። ቴሌቪዥናችንም ቢሆን 4ኬ አይደለም። ሳጥኑ የሌለ ምስል አይፈጥርም፤ መስመሩ ያመጣለትን ተቀብሎ ስክሪኑ በሚችለው መጠን ያሳያል፣ በቃ። ቀርፋፋ መስመርና ተራ ስክሪን ይዞ 4ኬ ሳጥን መግዛት ጠባብ ቱቦ ላይ የወርቅ ቧንቧ መግጠም ነው።

መርካቶ የተገኘው ርካሽ አንድሮይድ ቦክስ ይሻላል እያልን ነው? ቆይ። ስም የለሽ ከሆነው ቦክስ እንድትርቁ አጥብቀን እንመክራለን። በ2015 ዓ.ም. ቲ95 የሚባል ታዋቂ ርካሽ ቦክስ ከፋብሪካው ቫይረስ ተጭኖበት እንደሚሸጥ ተደርሶበታል። ከዚያ ወዲህም "ባድቦክስ" የሚል ስም የወጣለት ተመሳሳይ ጉድ በብዙ ሞዴሎች ላይ ተገኝቶ፣ በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካው ኤፍቢአይ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። ቦክሱ እናንተ ድራማ ስታዩ ከጀርባ የቤታችሁን ኢንተርኔት ለማታውቁት ሰው ሥራ ያውለዋል። የምትከፍሉት ግን እናንተ ናችሁ። ካርቶኑ ላይ "4ኬ" ተብሎ በትልቁ መጻፉም አያታልላችሁ። ኔትፍሊክስ ጥርት ያለ ምስል የሚልከው የይዘት ጥበቃ ፈቃድ ላለው ዕቃ ነው፤ ፈቃድ ለሌለው የሚልከው የድሮ ዲቪዲ ጥራት ነው። ለአፕሉ የምንመሰክርለትም እዚህ ላይ ነው፤ ፈጣን ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ለዓመታት ማሻሻያ ይላክለታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ዕቁቡ ሌላ ባለ ጉዳይ አለው።

ያደግነው ካዛንቺስ ነው። ስሙ የመጣው ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ከሚሠራው ኢንቺስ ከተባለ ድርጅታቸው ነው፤ ካዛ ኢንቺስ፣ የኢንቺስ ቤቶች። የኛ ግን የጣሊያን ቤት አልነበረም፤ ብዙ ቤተሰብ በአንድ ግቢ፣ አንድ ቧንቧ፣ መጀመሪያ ላይም አንድ ቴሌቪዥን። ኳስ ሲኖር ወንዶቹ አግዳሚ ወንበር ወደተደረደረበት ዲኤስቲቪ ቤት ይሄዳሉ፤ ያኔ ነው ሴቶቹ ቴሌቪዥን የምናገኘው። ኋላ ዲሽ በየጣሪያው በቀለ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ማሰማት ሲጀምር ደግሞ የግቢው ቡና ሰዓት ተቀየረ። በ2012 ዓ.ም. ቻናሎቹ ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ የሆነውን ታስታውሳላችሁ? ናይልሳት ከኛ በስተምዕራብ ነው፣ ኢትዮሳት በስተምሥራቅ። የሰፈሩ ዲሽ ሁሉ ፊቱን ማዞር ነበረበት። ዲሽ ሠሪው ጣሪያ ላይ ሆኖ "አሁንስ?" ይላል፣ እማዬ ከታች "ትንሽ! ትንሽ ወደ ግራ! አ-አ፣ አለፈ!" ትላለች። ያን ሰሞን እንደ ዲሽ ሠሪ የተከበረ ሰው አልነበረም።

በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ሲደርስ ግቢያችንም ፈረሰ። እማዬና ወንድማችን ገላን ጉራ ገቡ። ቡና የሚጠጡት ጎረቤቶቿ ከፊሎቹ እዚያው ሌላ ሕንፃ ደረሳቸው፣ ከፊሎቹ ቦሌ አራብሳ ሄዱ። ዲሹ ከፍራሽና ከምጣድ ጋር አይሱዙ ላይ ተጭኖ አብሮ ሄደ፤ ግን ተጎናብሷል። ሪሲቨሩም ከዚያ ወዲህ በርቶ አያውቅም። አሁን በረንዳ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ እማዬ ሽንኩርት ታሰጣበታለች። ወንድማችን አልፎ አልፎ ፍላሽ ላይ ፊልም አስጭኖ ይመጣል። እሷ ግን የምትፈልገው ፊልም አይደለም፤ እሁድን በኢቢኤስን ነው፣ ዜናውን ነው፣ የበዓል ዋዜማ ዝግጅቱን ነው። ቴሌቪዥኗ እያለ ጥቁር ሆኖ ሲያድር ቤቱ ባዶ ይሆንባታል፤ አዲስ ሰፈር ገና ሰው አልለመደችም።

"ታዲያ ለሷም ቦክስ ብንገዛላትስ?" ብላ ነበር ጋዜጠኛዋ። አካውንታንቷ አፍ ሳትከፍት እማዬ በስልክ መለሰች። "እናንተ ልጆች፣ እሱ ነገር ሲዘጋስ?"

እማዬ አልተሳሳተችም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቷል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ድረስ፣ አምስት ወር ሙሉ፣ ዩቲዩብን ጨምሮ አራት መተግበሪያዎች ተገድበው ነበር። ወጣቱ በስልኩ ቪፒኤን ጭኖ አለፈው። ይኼ የምናደንቀው ሳጥን ግን ያኔ የቪፒኤን መተግበሪያ እንኳ አይቀበልም ነበር፤ የተፈቀደለት በመስከረም 2016 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ ነው። በሁለቱም ጊዜ ካዛንቺስ ጣሪያ ላይ የነበረው የዛገ ዲሽ ድራማውን ሳያቋርጥ አሳይቷል። ወርኃዊ ክፍያ የለው፣ ዶላር የለው፣ ሜሪላንድ የለው።

እንግዲህ ብይናችን ይኼ ነው። ጥሩ መስመር የገባለት ቤት፣ 4ኬ ቴሌቪዥን፣ አይፎን፣ ውጭ አገር ደግሞ የማይሰለች ካርድ ያለው ዘመድ ካላችሁ ግዙት፣ ትደሰታላችሁ። ከአራቱ ሁለቱ ከሌሏችሁ ብራችሁን ያዙ። እኛ አንዱ ብቻ ነው ያለን፣ እሱም ዘመዷ። ስለዚህ ለራሳችን የጎግል ፈቃድ ያላትን የሻኦሚ ትንሿን ስቲክ ልንይዝ ነው። ዋጋዋ ከአፕሉ ግማሽ በታች ነው። ኤችዲ ታሳያለች፣ የራሷ ሪሞት አላት። ፕላስቲክ ነው፣ በድንጋይ ባትሪ ይሠራል፣ ማንም አይሰርቀውም። አንዷ በዚህ እስካሁን አላመነችም፤ የትኛዋ እንደሆነች ገምቱ።

የቀረው ብር ገላን ጉራ ይሄዳል፤ አዲስ ዲሽ፣ አዲስ ኤልኤንቢ፣ አዲስ ሪሲቨርና የሠሪው ዋጋ። የካዛንቺሱን ዲሽ ሠሪ ፈልገን በሰው በሰው ስልኩን አግኝተናል፤ እሱም ተነሥቶ አራብሳ ገብቷል። ቅዳሜ እመጣለሁ ብሏል። እማዬ የአዲሱን ሪሞት መጠን ጠይቃናለች፣ ላስቲክ ልታዘጋጅለት ነው።