የጥርስ ሙሌት በአቃቂ በሰቃ



እኛ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ወደ አቃቂ በሰቃ መመላለስ ከጀመርን ወዲህ ካምፓስ ውስጥ የምንጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ «ጥርስ መንቀል ቻላችሁ?» መንቀሉን ተምረናል፣ አልሐምዱሊላህ። ብዙ ጊዜያችንን የሚወስደው ግን ላለመንቀል የምናደርገው ትግል ነው። ትግሉም የሚወሰነው በአንዲት ማንኪያ ዱቄትና በአንዲት ጠብታ ፈሳሽ ነው።

አካባቢውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ፋብሪካ፣ ከባድ መኪና፣ አቧራ። ወደኛ ከሚመጡት ብዙዎቹ የቀን ሠራተኞች ወይም በፈረቃ የሚሠሩ ናቸው። ለጥርስ ተብሎ አንድ ቀን ከተቀረ የዚያ ቀን ገንዘብ የለም። ስለዚህ ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ «ንቀሉልኝና ልገላገል» ይላሉ። ለምነን፣ አስረድተን የሞላነው ጥርስ በሁለት ወሩ ቢወድቅ ታዲያ እሳቸውም ጎረቤታቸውም ዳግመኛ ማስሞላትን አያምኑም።

እዚያ እጃችን የለመደው ማቴሪያል ግላስ አዮኖመር ይባላል። እንግሊዝ አገር አለን ዊልሰንና ብራያን ኬንት የሚባሉ ተመራማሪዎች የሠሩት ሲሆን ለዓለም የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ዱቄቱ ፍሎራይድ ያለበት የመስታወት ዓይነት ነው፤ ፈሳሹ አሲድ ነው። ሁለቱ ሲዋሐዱ ከጥርሱ ካልሲየም ጋር በራሳቸው ይያያዛሉ። እንደ ኮምፖዚት የሚያጠነክር ብርሃን ስለማይፈልግ መብራት ቢጠፋም ሥራ አይቆምም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ታንዛኒያ ውስጥ የተጀመረው፣ የተበላሸውን ክፍል ያለ ማሽን በእጅ መሣሪያ ጠርጎ የመሙላት ዘዴም ኋላ ላይ የተደገፈው በዚሁ ማቴሪያል ነው። ጥንካሬው ከአማልጋም ያንሳል፤ ይህን ለታካሚው መንገር አለብን፣ እንነግራለንም።

ችግሩ ጠባዩ ነው። የፈሳሹ ጠርሙስ ቀጥ ብሎ ካልተያዘ ጠብታው አየር ይዞ ያንሳል። ፈሳሹ ከበዛ ሙሌቱ ይደክማል፣ በምራቅም ቶሎ ይሟሟል። የዱቄቱ ክዳን ክፍት ከቆየ እርጥበት ይገባዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሊጡ ጥርሱ ውስጥ መግባት ያለበት ገና እያብረቀረቀ ነው። ማብረቅረቁን ካቆመ ከጥርሱ ጋር የሚያያዘው አሲድ በአብዛኛው አልቋል ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ የቆርቆሮው ጣሪያ ሲግል ይህ ጊዜ ይበልጥ ያጥራል።

አንድ ቀን ለአንዲት እናት በጥብጠን ስንጨርስ ሳል ያዛቸው። ጥጡ በምራቅ ራሰ፤ አውጥተን ሌላ እስክንተካ ሊጡ ፈዘዘ። በር ላይ ወረፋው ረጅም ነው፣ ዱቄቱም ውድ ነው። ያንን ሊጥ ብንጠቀጥቀው እሳቸው አያውቁም፤ ያን ቀን መልኩ ከደህናው ሙሌት አይለይም። ጥለነው እንደገና በጠበጥን። ቫዝሊን በተቀባ ጓንት ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭነን ያዝነው። «ምነው ልጆቼ፣ አበላሻችሁት እንዴ?» አሉን። መጣሉ ለምን እንዳስፈለገ ማስረዳቱ ከመሙላቱ የባሰ ከበደን! አማና የሚባለውን ቃል ብዙ ኹጥባ ላይ ሰምተነዋል፤ እዚያ ግን በሰከንድ የሚቆጠር ሆኖ አገኘነው።

አንድ የወርቅ ጥርስ ያላቸው አባት ደግሞ «ለወንድ ይቻላል ወይ?» ብለው ጠየቁን። ፈትዋ የኛ ሥራ አይደለም። የምናውቀውን ግን ነገርናቸው፦ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ እንደዘገቡት ዐርፈጃ ኢብን አስዐድ (ረ.ዐ.) አፍንጫቸውን በጦርነት አጥተው የብር አፍንጫ አሠሩ፤ ሲሸትባቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የወርቅ እንዲያደርጉ አዘዟቸው። ዑለሞችም ለችግር የሚደረግ የወርቅ ጥርስን ሲያነሱ ይህን ይጠቅሳሉ። ለጌጥ የሆነውን ኡስታዝ ይጠየቅ። እኛን የገረመን በክፍል ውስጥ የተማርነው ነገር እዚያ መገኘቱ ነው፤ ብር ከድኝና ከሰውነት ፈሳሽ ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል፣ ወርቅ ግን ባለበት ይቆያል።

ረመዷን ሲገባ ብዙዎች ቀጠሯቸውን ይሰርዛሉ። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ ጥርስ መቦርቦር፣ መንቀልና ማጽዳት ወደ ጉሮሮ የሚሄደው እስካልተዋጠ ድረስ ጾም አያፈርሱም ብሏል። ሙሌቱን ከምራቅ የሚጠብቀው ጥጥ ውሃውንም ከጉሮሮ ለመከላከል ያግዛል። በሽታው ዒድን አይጠብቅምና አትቅሩ።

አንድ ነገር ደግሞ እናስታውሳችሁ። ዶርም ውስጥ ጥርስ ሲያም ቅርንፉድ መያዝ የተለመደ ነው፤ እኛም አንቃወምም። ሕመሙን የሚያደነዝዘው ዩጂኖል የሚባለው ዘይቱ ነው፤ ለጊዜያዊ ሙሌት ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር የምንለውሰውም እሱን ነው። ነገር ግን ይኸው ዘይት ጥርሱ ላይ ከቀረ ኮምፖዚት በደንብ እንዳይጠነክር ያደርጋል። ስለዚህ ለመሙላት ስትሄዱ ቅርንፉድ አድርጋችሁ እንደነበር ሳትጠየቁ ተናገሩ። የሞሉላችሁ በግላስ አዮኖመር ከሆነ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት አትብሉ፤ ቆሎውንም ለነገ አቆዩት።